የቱ ገደል ነው?

ፒያሳ የሌላት ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ ተራራ እላችኋለሁ። ዳገት አላት፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነሥቶ ሽቅብ በእግሩ የመጣ ሰው ምስክሬ ነው። ቁልቁለት አላት፣ ደረጃ አላት፣ ሰውን ቁልቁል የሚያይ ሰውም ሞልቷታል። ተራራ ግን የላትም። ይህን እያወቅን ነው እንግዲህ የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበን የበጎ ፈቃድ የተራራ ላይ ነፍስ አድን ቡድን ያቋቋምነው።

«ኧረ ሰው ምን ይለናል?» ብዬ ነበር እኔ።

«ባሕር የሌለው አገር ባሕር ኃይል አለው አይደል እንዴ? እኛ ምን ጎደለን?» አለኝ ክሬኑ።

ክሬኑ የምንለው ብርሃኑን ነው። ዳቦ ቤት አለው። የዱቄት ጆንያ እንደ ትራስ ብድግ ሲያደርግ ያየ ሰው ስሙን ከየት እንዳገኘው አይጠይቅም። ነገሩም የጀመረው በእሱው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ የምንወጣ ጥቂት ሰዎች ነን። ስፖርተኞች እንዳንመስላችሁ፤ አንዱን ያስወጣው ስኳር ነው፣ ሌላውን ደም ግፊት፣ እኔን ሚስቴ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ክሬኑ ፎቶ ልነሣ ብሎ ትልቅ ቋጥኝ ላይ ወጣ። መውጣቱን ወጣ፣ ፎቶውንም ተነሣ፣ መውረድ አቃተው። እናቱን ጠራ፣ ጊዮርጊስን ጠራ፣ በመጨረሻ ሰዓዳን ጠራ።

ሰዓዳ ከወሎ መጥተው ፒያሳ ከከረሙ የጨርቅ ነጋዴዎች ቤት የተወለደች ናት። ሌላው ነጋዴ ጮሆ የማያገኘውን ዋጋ እሷ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ታገኘዋለች። ያን ቀን የሁላችንንም ጃኬት አስወለቀችና እጅጌ ለእጅጌ ቋጥራ ክሬኑን አወረደችው። የእኔ ጃኬት አንድ እጅጌ እስከ ዛሬ ጉልበቴ ድረስ ይደርሳል።

ከተራራው ወርደን፣ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት ባንኮኒውን እንደተደገፍን፣ ቡድኑ ተመሠረተ። አለቃችን ጋሽ ታደሰ ሆኑ። ከእሳት አደጋ ሥራ በጡረታ የተገለሉ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ ድምፃቸው ግን አሁንም ቢሆን መንገድ የሚያስለቅቅ ሰው ናቸው። ቋጠሮ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እኔ የቋጠርኩት አልፈታ ሲል ጊዜ በመቀስ ተቆረጠ።

የባሰው ችግሬ ግን ሌላ ነው። ከፍታ እፈራለሁ። አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ ስወጣ ሚስቴ እግሬን ይዛ ትቆማለች። ስለዚህ ስልክ ተቀባይ አደረጉኝ። መነጽር ቤት ስላለኝ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው፤ ስልክ ለማንሣት ደግሞ ከመሬት ከፍ ማለት አያስፈልግም። ሥራው ለእኔ የተፈጠረ መሰለኝ።

ጥሪ አልጎደለብንም። የተራራ ጥሪ ነው የጎደለን። መጀመሪያ የተጠራነው አምስት ኪሎ ጣሪያ ላይ ለወጣች ድመት ነበር። ክሬኑ ወጣ፤ ድመቷ እሱን ስታይ ጊዜ በራሷ ወረደች፤ ክሬኑ ጣሪያ ላይ ቀረ። ቀጥሎ አንዲት ሴትዮ ከአሮጌ ፎቅ ሰገነት ላይ ባለ ራስጌ አልጋ አውርዱልኝ አሉን፤ አወረድነው፤ መሬት ሲደርስ ሐሳባቸውን ቀየሩና መልሰን ሰቀልነው። ሌላ ቀን ደግሞ የጫማዋ ተረከዝ በእንጨት ደረጃ ስንጥቅ ውስጥ የተሰነቀረባትን ሙሽራ ለማውጣት ሄድን። ሚዜዎቹ «ሙሽራ የምናወጣው እኛ ነን» ብለው ሊደበድቡን ነበር። ሙሽራዪቱ ጫማዋን አውልቃ በራሷ ወረደች።

ከዚያ እትዬ አስካለ ደወሉ።

«ባሌ ገደል ገባ» አሉኝ እያለቀሱ።

እውነተኛ ጥሪ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ሱቄን ሳልቆልፍ ሮጥኩ፣ ቡድኑን ሰበሰብኩ፣ ገመዳችንን ተሸክመን እሳቸው የሰጡኝ አድራሻ ደረስን። አድራሻው ለምን ሳሎናቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ማን ጠየቀ? ባልየው ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ተቀምጠዋል።

«የት ነው የወደቁት?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ዶሮ እርባታ ውስጥ» አሉ እትዬ አስካለ።

«ከምን ያህል ከፍታ?»

«ከመምሪያ ኃላፊነት። ሥራውን ለቆ ዶሮ አረባለሁ አለ፤ በሽታ ገብቶ አንድም አልተረፈ። ገደል ገባልኝ።»

ጋሽ ታደሰ እኔን አዩኝ፤ እኔ ገመዱን አየሁ። ክሬኑ ብቻ ምንም ስላልገባው «አጥንት አልተሰበረም?» እያለ የሰውየውን እግር ይዳብሳል። ከመጣችሁ አይቀር ምሳ ቅመሱ ተባልን። ሽሮ ነበር።

በበነጋው ጋሽ ታደሰ ሕግ አወጡ። ገደል ገባሁ ብሎ የሚደውል ሰው ሁሉ አስቀድሞ «የቱ ገደል ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ትክክል ናቸው። በእኛ ሰፈር ገደል ያልገባ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ በኪራይ ገብቷል፣ አንዱ በትዳር፣ አንዱ በኳስ ክለቡ። ለሁሉም ገመድ ይዘን ብንሮጥ ገመዱ ሳይሆን እኛ ነን የምንበጠሰው።

ገመድ ካልኩ አይቀር የገመዱን ነገር ልንገራችሁ። ገመዱ የእድር ነው። እድራችን ባለ ብረት ድንኳን ከገዛ ወዲህ የድሮው ድንኳን ሁለት ረጃጅም ገመዶች ዕቃ ቤት ተጠቅልለው ተቀምጠው ነበር። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በደስታ ሰጠን። ጥፋቱ፣ የሰጠን የእድሩ ዳኛ አቶ ዘለቀ ለሠርግ ክፍለ ሀገር በሄዱበት ሳምንት መሆኑ ነው።

አቶ ዘለቀ ጫማ ነጋዴ ናቸው። ባርኔጣ ሳያደርጉ ደጅ አይወጡም፤ ነገርን በቀጥታ መናገርም ራቁት እንደ መውጣት ይቆጥሩታል። «ደህና አደሩ?» ስትሏቸው «ማደሩንስ ድንጋይም ያድራል» ይሏችኋል። ውኃ ጠማኝ ለማለት አንድ ምሳሌና አንድ ተረት ያስፈልጋቸዋል። ከሠርጉ ሲመለሱ ገመዱ የለም። ስብሰባ ጠሩ።

«የእድር ዕቃ የሙታን ነው» አሉ። «ሙት ዝም ስላለ ሕያው ይቀማዋል? ደግሞስ ሰው ያለ ጉዳይ ተራራ የሚወጣው ፍየል ነው?»

ቤቱ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ወሰነ። ገመዱ እስከሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ እንዲመለስ። ያለ ገመድ እኛ ማለት ማኪያቶ የሚጠጡ አራት ሰዎች ነን። በጣም ከፋኝ። ቡድኑን ወድጄው ነበር፤ ከፍታ የሚፈራ ሰው የተራራ ነፍስ አድን ነኝ ሲል የሚሰማውን ደስታ ያልፈራ ሰው አያውቀውም።

ዓርብ ከሰዓት ነው። ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል ጠቁሯል። ሱቄ ተቀምጬ የአንድ ደንበኛ መነጽር ስወለውል ስልኩ ጮኸ። አቶ ዘለቀ ናቸው። ገና ስማቸውን ሳየው ደሜ ፈላ።

«አቤት ጋሽ ዘለቀ።»

«ገደል ገብቻለሁ» አሉኝ።

ሕግ ሕግ ነው። «የቱ ገደል ነው?» አልኳቸው።

«ገደል ስንት ዓይነት አለው?» አሉ ተቆጥተው። «የቀረችኝ አንዲት ቅርንጫፍ ናት። እሷም ልትሰበር ነው።»

አቶ ዘለቀ ዋናው ጫማ ቤታቸው ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ነው፤ ሌላ ቅርንጫፍ ደግሞ እንዳላቸው አውቃለሁ። «ምን ይደረጋል ጋሼ» አልኩ። «ጊዜው ነው። ስንቱ ዋናውን አጥቶ ዝም ብሏል፤ እርስዎ በቅርንጫፍ ያማርራሉ?»

ቀጥለው «ማርያም ከላይ አለች፣ ከሥሬ ውኃ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?» አሉኝ።

«እሷ ካለች ምን ጎደለ ታዲያ?»

«ገመዱን አምጣ!»

አሃ፣ አልኩ በልቤ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚህ ነው የሚመጣው። «ገመዱ እስከ እሑድ የእኛ ነው። የእድር ውሳኔ ነው፤ የወሰኑትም እርስዎ ነዎት» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። መነጽሩን መወልወል ቀጠልኩ። በሕይወቴ ለአንድ የእድር ዳኛ እንዲህ ያለ መልስ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው። አላስቻለኝም፤ ሱቄን ዘግቼ ማኪያቶ ቤት ሄድኩ። ሦስቱም ባንኮኒው ጋ ነበሩ። ከነድምፁ፣ ከነእጅ እንቅስቃሴው ተረክኩላቸው።

ክሬኑ ትከሻዬን መታኝ። «አንጀቴን አራስከው» አለ።

ሰዓዳ ግን አልሳቀችም። ቅንድቧ ከፍ አለ። «ምን ቅርንጫፍ ነው ያሉህ?» አለችኝ።

«ቅርንጫፍ ነዋ። ሁለተኛው ጫማ ቤታቸው።»

«እሱ ከተዘጋ ቆየ። ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። አሁን ዋናው ብቻ ነው ያለው።»

እሷ ግን በዚህ አላቆመችም። «ድምፃቸው እንዴት ነበር?»

«ምንም አይል። ትንሽ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣ ነበር። ‹ገመዱን አምጣ፣ አምጣ› ይል ነበር። ንዴት መስሎኝ። የሚፈስስ ውኃም ይሰማ ነበር፤ እጃቸውን የሚታጠቡ ነበር የመሰለኝ።»

ጋሽ ታደሰ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የገደል ማሚቶ ነው» አሉ። «ማርያም ከላይ አለች ያሉህ እንጦጦ ማርያምን ነው። አንተ ሰውዬ፣ ሰውየው የእውነት ገደል ውስጥ ናቸው።»

እንግዲህ እኔ ሰው አጥርቶ እንዲያይ መነጽር የምሸጥ ነኝ። ለጆሮ የሚሆን መነጽር ግን እኔም የለኝ። መልሼ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይሠራም። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ምንም ቅኔ የተናገሩት ያኔ ነበር፤ ቅርንጫፍ ሲሉ ቅርንጫፍ፣ ውኃ ሲሉ ውኃ፣ ገመድ ሲሉ ገመድ። ስንት ዓመት ሰሙን እያነሡ ወርቁን ሲደብቁብን ኖረው፣ የሰም ብቻ ንግግር ሲመጣ እኔ ወርቅ ልፈልግ ሄድኩ።

ገመዶቹን ተሸክመን ሚኒባስ ውስጥ ገባን። ረዳቱ «ገመዱ የሁለት ሰው ቦታ ይዟል» ብሎ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ጋሽ ታደሰ «ሰው ገደል ገብቷል!» ብለው አንባረቁ።

«የቱ ገደል ነው?» አለ ረዳቱ።

ማንም አልሳቀም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ እየጠራን ስንሄድ መለሱልን። ከገደሉ አፋፍ ተኝቼ፣ በሆዴ፣ አንድ ዓይኔን ብቻ አሻግሬ አየሁ። ከግድግዳው የበቀለች የወይራ ቅርንጫፍ ላይ እንደ በቅሎ ተፈናጥጠው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈዋታል። ከሥራቸው ወንዙ ጭቃ እያንደረደረ ነው፤ ላይ ዝናብ ጀምሯል ማለት ነው። ቅርንጫፏ ሥሯ ላይ ተሰንጥቃለች።

ክሬኑ አንዱን ገመድ ባሕር ዛፍ ላይ ጠምጥሞ እግሩን ተከለ። ጋሽ ታደሰ ቋጠሩ። ሰዓዳ ገመዱን ታጥቃ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ ገበያ እንደምትሄድ ሰው ወረደች። አጠገባቸው ደርሳ የገመዱን ትርፍ በወገባቸው ዙሪያ አዞረች። ለመቋጠር ግን ቅርንጫፏን መልቀቅ አለባቸው።

«አልለቅም» አሉ አቶ ዘለቀ። እስከ ላይ ይሰማል። «አንቺ ልጄ ተባረኪ። ግን ያ ገመድ የከለከለኝ መነጽር ሻጭ ራሱ ይውረድና ዓይኔን አይቶ ይንገረኝ።»

«ይቅርታ ጠይቋል በያቸው!» ብዬ ጮህኩ ከላይ።

ሰዓዳ ጠየቀችልኝ። «በስልክ የተበደለ በርቀት አይታረቅም ይላሉ!»

ጋሽ ታደሰ ሁለተኛውን ገመድ ወገቤ ላይ ማሰር ጀመሩ። እንጨት ተሸክመው ከጫካው የሚወርዱ ሦስት ሴቶች ሸክማቸውን አስቀምጠው የገመዴን ጫፍ ያዙ። አንደኛዋ ሳብ አድርጋ መዘነችኝና «ይኼ ምን አለው፤ ከእንጨቱ ይቀላል» አለች።

ሚስቴ ዕድሜ ልኳን እግሬን ይዛልኝ የቆመችው ለዚህ ቀን ነበር። እሷ ደግሞ ቤት ናት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ዳዊት ደገምኩ፤ የምችለው አንድ መስመር ስለሆነ እሱኑ ደጋገምኩት። ድንጋዩ ጉልበቴን ላጠኝ፣ ቁጥቋጦው ፊቴን ጫረኝ። በመጨረሻ እግሬ አንድ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። የአቶ ዘለቀ ትከሻ ነበር፤ ሰዓዳ እግሬን ስባ ፊት ለፊታቸው አንጠለጠለችኝ።

«መጣህ?» አሉኝ።

«መጣሁ ጋሼ።»

«ዓይንህን ግለጥ።»

«አልገልጥም።»

«ዓይኔን አይተህ ንገረኝ ነው ያልኩት። ጫፍ ላይ ያለ ሰው ገመድ ሲጠይቅህ የከለከልከው ምን ብለህ ነው?»

ባለ ዕዳ ነኝና ገለጥኩ። ችግሩ፣ ዓይኔ የእሳቸውን ዓይን ስቶ ቁልቁል ሄደ። ያየሁትን አልነግራችሁም። ብቻ ጮህኩ፤ ጮኼም አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። «ጋሼ፣ ልወድቅ ነው! ጋሼ፣ እንዳይለቁኝ!»

«አንተ፣ ማን ነው ማንን ሊያወጣ የመጣው?»

«እኔ እንጃ! ልወድቅ ነው!»

ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰሙ። የሰውየው ድምፅ ያን ጊዜ ተለወጠ። «አትወድቅም» አሉኝ። «አይዞህ የኔ ልጅ። ወደ ታች አትይ። እኔን እይ።» አንድ እጃቸው ጀርባዬን ያዘኝ። እኔ እንደተንቀጠቀጥኩ ነኝ። «እኔን እይ አልኩህ እኮ» አሉና ሁለተኛው እጃቸውም መጥቶ አቀፈኝ።

ሰዓዳ የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር። ቋጠረች። «ሳቡ!» አለች።

ክሬኑ ሳበ፣ ሴቶቹ ሳቡ። ተያይዘን፣ ተቃቅፈን፣ ሦስት ሰው በሁለት ገመድ ሽቅብ ሄድን። ጥቂት ከፍ እንዳልን ቅርንጫፏ ከሥራችን ቀጭ ብላ ተገነጠለች። ወንዙ ላይ ስትወድቅ ሁላችንም ሰማን። አቶ ዘለቀ ይበልጥ አጥብቀው ያዙኝ።

አፋፉ ላይ እኔን ከአንገታቸው ለማላቀቅ ክሬኑ አስፈለገ። እንጨት ተሸካሚዎቹ እልል አሉ። ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እኔ ግን ሳላዞር አለቀስኩ። ደስታ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደስታ ሠርጌ ቀን እንኳ አልተሰማኝም።

ለካ አቶ ዘለቀን ሐኪም ለስኳራቸው በእግር ሂድ ብሏቸዋል። እንዳናያቸው ብለው እኛ ቅዳሜ ስለምንወጣ እሳቸው ተደብቀው ዓርብ ይወጡ ነበር። ያን ቀን ነፋስ ባርኔጣቸውን ሲወስድባቸው ተንደርድረው ሊይዙት ሲሉ እግራቸው ከዳቸው። ባርኔጣውን ክሬኑ አገኘው። ገደል አልገባም። ከአፋፉ ወዲህ እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ባለቤቱን ይጠብቃል።

ጊዮርጊስ ጋ ስንወርድ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። መነጽር ሻጩ አቶ ዘለቀን አዝሎ አወጣ የሚሉ አሉ፤ አቶ ዘለቀ መነጽር ሻጩን አዝለው ወጡ የሚሉም አሉ። ሰዓዳ ሁለቱንም ወገን ሰምታ ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ሰው ሁሉ ምሳሌውን ለመስማት ተመቻቸ።

«ወደቅሁ» አሉ። «አወጡኝ። ገመዱ የእነሱ ነው።»

ቀጥሎ ምን ይመጣል ብለን ጠበቅን። አንድ አዛውንት «ጭንቅላታቸውን ተመተው ይሆን?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ጠየቁ። አቶ ዘለቀ ግን እኔን እያዩ ቀጠሉ፤ «አንድ ነገር ይጨመር። የዚህ እድር ሰው ገደል ገባሁ ብሎ ሲደውል የቱ ገደል ነው ተብሎ አይጠየቅ። ይኬድ።» ቤቱ አጨበጨበ። ጋሽ ታደሰም ሕጋቸው እየተሻረ አጨበጨቡ።

በሳምንቱ እትዬ አስካለ ደወሉ። «ባሌ አሁንም ገደል እንደገባ ነው» አሉኝ። አልጠየቅኩም። ሱቄን ዘጋሁ፤ ክሬኑ ትኩስ ዳቦ ያዘ፤ ጋሽ ታደሰ «ሕግ ሕግ ነው» ብለው ገመዱን አሸከሙን። አቶ ዘለቀም ባርኔጣቸውን ደፍተው አብረውን ዳገቱን ወጡ።

ባልየው ያው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል። አቶ ዘለቀ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ጫማ ቤቱን አብሯቸው የሚይዝ የታመነ ሰው እንደቸገራቸው ነገሯቸው፤ በቀጥታ፣ ያለ አንድ ተረት። ሰውየው ቀና አላሉም። አቶ ዘለቀ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አሳረፉ።

«አይዞህ» አሏቸው። «ወደ ታች አትይ። እኔን እይ።»

ቀና አሉ። ገመዱ በሩ ሥር እንደተጠቀለለ ነው። እትዬ አስካለ ምሳ አቀረቡ። ሽሮ ነበር፤ እንደዚያ የጣፈጠ ሽሮ ግን በልቼ አላውቅም።